ባለብዙ ጀግና የእጅ ጌም አጨዋወት፦ ካሴት ከመግዛት እስከ መጨረሻው ቦስ

አራት ኪሎ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ቲን ታይታንስ የተባለውን የልዕለ ጀግኖች ጌም ካሴት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሮቢን በተባለው ጀግና ብቻ ሲጫወት ከቆየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሌቭል አያልፍም፤ ካሴቱ ተበላሽቷል መሰለኝ» ብሎ መሣሪያውን እጄ ላይ አኖረው። ካሴቱ ምንም አልሆነም ነበር። ችግሩ አምስት ጀግኖች ባሉበት ጨዋታ አራቱን ሥራ ፈት አድርጎ አንዱን ብቻ እስኪያልቅለት ድረስ ማሠራቱ ነው። ይህን ስህተት በልጆች ላይ ብቻ ሳይሆን ለዓመታት በተጫወቱ አዋቂዎችም ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ፣ ስለ ዕቃው የምለውም ጭምር፣ የሚያመራው ወደ አንድ ጉዳይ ነው፤ የትኛውን ጀግና መቼ ማስገባት፣ መቼስ ማሳረፍ እንደሚገባ።

የምናወራው ጀግናው በአብዛኛው ከግራ ወደ ቀኝ እየተራመደ፣ እየዘለለና እየተደባደበ ስለሚጓዝበት፣ እኛም ከጎን ሆነን ስለምናየው የጌም ዓይነት ነው። በእጅ በሚያዙ መሣሪያዎች ላይ የወጡት የልዕለ ጀግና ጌሞች ጀግኖቻቸውን የሚያቀርቡበት ሥርዓት ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ካሴቱን ከመክፈት አስቀድሞ መታወቅ ያለበትም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ለሴጋ ጌም ጊር በወጣው የኤክስ-ሜን ጌም ተጫዋቹ የሚጀምረው በዎልቨሪንና በሳይክሎፕስ ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት ጓዶች በጠላት እጅ ስለተያዙ አንድ በአንድ እየተፈቱ ነው የሚቀላቀሉት። እ.ኤ.አ. በ2001 የኒንቴንዶ የእጅ መሣሪያ ለሆነው ለጌም ቦይ አድቫንስ የወጣው ኤክስ-ሜን፦ ሬይን ኦፍ አፖካሊፕስ ደግሞ ሳይክሎፕስን፣ ዎልቨሪንን፣ ስቶርምንና ሮግን አሰልፎ ከአራቱ እንድንመርጥ ይጠይቃል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ባትማን፦ ራይዝ ኦፍ ሲን ዙም ባትማንን፣ ሮቢንን፣ ባትገርልንና ናይትዊንግን ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ቲን ታይታንስ ግን ሮቢን፣ ስታርፋየር፣ ሬቨን፣ ቢስት ቦይና ሳይቦርግ አብረው የሚጓዙ አንድ ቡድን ስለሆኑ በጨዋታው መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው መቀያየር ይቻላል።

በሦስቱ ሥርዓቶች ውስጥ የተጫዋቹ ውሳኔ የሚወድቅበት ቦታ ይለያያል። ጓዶችን እያስፈቱ በሚሄዱበት ጌም ትልቁ ጥያቄ ማንን አስቀድሞ ማስፈታት እንደሚጠቅም ነው። አስቀድሞ መርጦ በሚገባበት ጌም ምርጫው ከመንገዱ በፊት ስለሚያልቅ ሁለገብ የሆነውን ጀግና መያዝ ያዋጣል። በመካከል መቀየር በሚፈቀድበት ጌም ግን ውሳኔው በየደቂቃው ይመጣል፤ የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍል የተመደበውም ለዚህኛው ነው፤ ከሦስቱ ብዙ የሚያስለፋውና ብዙ የሚያስተምረው እሱ ነውና።

ዕቃውን ስለማግኘትና ስለመፈተሽ

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ዕቃ ብቻ ለይቶ የሚሸጥ ሱቅ ከመፈለግ ይልቅ ከውጭ የሚመጣ ዘመድን መጠየቅ፣ ወይም አሮጌ ስልክና ካሜራ በመስታወት ውስጥ ደርድረው የሚሸጡ ሱቆችን ዞር ዞር እያሉ ማየት ይሻላል። ሦስት ዓይነት መሣሪያዎች ሊያጋጥሙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ጌም ቦይ አድቫንስ በሁለት ደብል ኤ የባትሪ ድንጋይ 15 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ስክሪኑ ግን የራሱ መብራት ስለሌለው በመስኮት አጠገብ ወይም በረንዳ ላይ ካልሆነ በስተቀር አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፈው ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስፒ (ከዚህ በኋላ ኤስፒ) መብራትም ቻርጅ የሚደረግ ባትሪም አለው፤ መብራቱ በርቶ ወደ 10 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከኤስፒዎቹም ውስጥ በጀርባው ወረቀት ላይ ኤጂኤስ-101 የሚል ቁጥር ያለበት ስክሪኑ ከቀደመው ይልቅ የጠራ ነውና ዋጋው ብዙ ካልራቀ እርሱን መምረጥ ነው። ሦስተኛው ኒንቴንዶ ዲኤስ ሲሆን፣ እርሱና ዲኤስ ላይት የጌም ቦይ አድቫንስን ካሴት ከታች በኩል ባለው ቀዳዳ ይቀበላሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ የመጣው ዲኤስአይ ግን ይህ ቀዳዳ ስለሌለው ለዚህ ጉዳይ አይሆንም፤ ሦስቱም በመልክ ስለሚመሳሰሉ ሲገዙ የካሴቱን ቀዳዳ በዓይንዎ ማየት ይኖርብዎታል።

ቻርጀሩን በተመለከተ አጥብቄ የምለው አለኝ። ከአሜሪካ የሚመጣው የኤስፒ ቻርጀር የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ ግድግዳ ላይ ያለው ግን 220 ቮልት ነው። እኔ ይህን ሳላነብ የእህቴ ልጅ ስጦታ በመጣ ዕለት ማታ ቻርጀሩን ሶኬት ላይ ሰካሁትና ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ መሣሪያው በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ፣ ቻርጀሩ ግን አለቀለት። ስለዚህ በቻርጀሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የቮልት መጠን ሳያነቡ ምንም ነገር አይሰኩ፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ይሠራል፣ 120 ብቻ ካለ ግን አይነካም። ከሁሉ የሚቀለው መፍትሔ ጫፉ ለኤስፒ የተሠራ የዩኤስቢ ገመድ ማግኘት ነው፤ እርሱ ከተራ የስልክ ቻርጀርም ከፓወር ባንክም ስለሚሠራ መብራት በጠፋ ምሽትም ያገለግላል። የኤስፒና የመጀመሪያው ዲኤስ መሰኪያ አንድ ሲሆን የዲኤስ ላይት ግን የተለየ ነው።

ካሴቱን ደግሞ ከመክፈልዎ በፊት አገላብጠው ይዩት። የጌም ቦይ አድቫንስ ካሴት ከየትኛውም አገር ቢመጣ በየትኛውም መሣሪያ ላይ ስለሚሠራ የጃፓን ወይም የአሜሪካ መሆኑ የሚያሳስበው ለቋንቋው ብቻ ነው፤ ሊያሳስብ የሚገባው አስመስሎ የተሠራ እንዳይሆን ነው። ትክክለኛው ካሴት በጀርባው ያለው ብሎን ጫፉ ሦስት ክንፍ ነው፤ ከታች ወርቃማዎቹ ጥርሶች ከሚታዩበት በላይ በቦርዱ ላይ የኒንቴንዶ ስም ታትሞ ይነበባል። የአስመሳዩ ካሴት ትልቁ ጉዳት የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ጌሙ በደንብ ይከፈታል፣ ይጫወታል፣ ነገር ግን የደረሱበትን ቦታ ብዙ ጊዜ አያስቀምጥም። ስለሆነም ሱቁ ውስጥ እያሉ የመጀመሪያውን ደረጃ ጨርሰው ሴቭ ያድርጉ፣ መሣሪያውን አጥፍተው ካሴቱን ያውጡ፣ ጥቂት ቆይተው መልሰው ይክፈቱ፤ ሻጩ ይህን ለመጠበቅ ፈቃደኛ ካልሆነ ካሴቱን ትተው ይውጡ። በ1990ዎቹ የወጡ ብዙ ጌሞች ደግሞ ሴቭ ስለማያደርጉ በየደረጃው መጨረሻ የይለፍ ቃል ይሰጣሉ፤ እርሱን በደብተር ላይ መጻፍ ነው፣ በስልክ ፎቶ ማንሳትም ያው ነው።

ካሴቱ አልከፍት ካለ በአፍ መንፋት የለመድነው ነገር ቢሆንም የትንፋሽ እርጥበት ጥርሶቹን ያዝጋል። በጥጥ ላይ ጥቂት አልኮል ነክሮ ጥርሶቹን በቀስታ መጥረግ፣ ፈጽሞ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያ መክተት ነው።

ስክሪኑና እጅ

የጌም ቦይ አድቫንስ ስክሪን ወርዱ 240 ቁመቱ 160 ነጥብ ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ለአጨዋወት ትልቅ ትርጉም አለው፤ ጀግናው በስክሪኑ ላይ ተለቅ ብሎ ስለሚሳል ከፊቱ ያለው መንገድ የሚታየው ጥቂት እርምጃ ያህል ብቻ ነው። በቴሌቪዥን የሚጫወት ሰው ጠላቱን ከሩቅ ያየዋል፤ በእጅ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ግን ጠላቱን የሚያየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ በሩጫ መሄድ፣ ልጆች ሁሉ የሚያደርጉት ይህ ነው፣ በዚህ መሣሪያ ላይ የሽንፈት ሁሉ መነሻ ይሆናል። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ መቆም፣ ጠላት ከስክሪኑ ጫፍ ብቅ ሲል ወደ እርሱ ከመሄድ ይልቅ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሽቶ እንዲመጣ ማድረግ፣ ከዚያ መምታት ይገባል። የመጡበት መንገድ የጸዳ ስለሆነ ወደ ኋላ መሸሽ አደጋ የለውም፤ ያልታየው ወደፊት ያለው ነው።

መሣሪያው ኤ እና ቢ፣ በትከሻው ላይ ደግሞ ኤል እና አር የተባሉ ቁልፎች አሉት። ጀግና መቀየሪያውና ልዩ ኃይሉ በየትኞቹ ቁልፎች ላይ እንዳሉ በመጀመሪያው ደቂቃ ለይተው፣ ዓይንዎ ስክሪኑ ላይ እያለ ጣትዎ በራሱ እስኪያገኛቸው ድረስ ጠላት በሌለበት ቦታ ይለማመዱ። መቀየሪያውን ለመፈለግ ወደ ታች የሚመለከት ተጫዋች በዚያች ቅጽበት ይመታል፤ ስለተመታም መቀየር አይረባም ብሎ ይተወዋል። የእህቴ ልጅ ከሮቢን ጋር የቀረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

አሁን ብዙ ሰው እነዚህን ጌሞች በስልክ ይጫወታል። በስልክ መጫወት ይቻላል፤ ነገር ግን በመስታወት ላይ የተሳለ ቁልፍ ጣት አይዳስሰውም፣ አውራ ጣትም ከጠባቡ ስክሪን ላይ ሩቡን ያህል ይሸፍናል። ቶሎ ቶሎ መቀያየር በሚያስፈልግበት ጌም ይህ ጉድለት ከባድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለሚጓዝ ሰው አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ የሚሄድ ሰው አንድ ደረጃ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ ሊያገኝ ይችላል፤ ወያላው «ሂሳብ» ሲል ግን ኤስፒውን ማጠፍ ብቻውን ጨዋታውን አያቆመውም፤ በዲኤስም ላይ የአድቫንስ ካሴት ሲጫወቱ እንዲሁ ነው። አስቀድሞ ስታርት የሚለውን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። ኤስፒ የተለመደው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም ስለሌለው ማገናኛ ካልገዙ በስተቀር በታክሲ ውስጥ ድምፁን ዘግተው ለመጫወት ይገደዳሉ፤ ብዙ ቦሶች፣ በየደረጃው መጨረሻ የሚጠብቁት ትልልቅ ጠላቶች፣ ሊመቱ ሲሉ ድምፅ ስለሚያሰሙ ቦሱን ለቤት ማቆየት ይመረጣል።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ

አዲስ ካሴት ሲከፍቱ የመጀመሪያውን ደረጃ ለማሸነፍ አይጫወቱት፤ ጀግኖቹን ለማወቅ ይጫወቱት። የመጀመሪያው ደረጃ ሁልጊዜ ቀላል ስለሆነ ለዚህ ሥራ ከእርሱ የተሻለ ቦታ አይገኝም። አንዱን ጀግና ይዘው ዝላዩ ምን ያህል ከፍ እንደሚልና በአየር ላይ ሳለ አቅጣጫ መቀየር ይችል እንደሆነ ይዩ። ከዚያ ቡጢው ወይም ዱላው ስንት እርምጃ ያህል እንደሚደርስ ይለኩ፤ ይህ የሚለካው ጠላቱን ቀስ በቀስ እያስጠጉ የመጀመሪያው ምት የት ላይ እንደሚያርፍበት በማየት ነው። ከሩቅ የሚወረውረው ወይም የሚተኩሰው ነገር ካለውም ያ ነገር ከኃይል መስመሩ ላይ ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ የቀነሰውም በራሱ ይሞላ እንደሆነ ወይም ከመንገድ በሚገኝ ነገር ብቻ ይሞላ እንደሆነ ይመልከቱ። በራሱ የሚሞላ ኃይልን ማስቀመጥ ኪሳራ ነው፤ በሞላ ቁጥር መጠቀም ይገባል። ከመንገድ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ግን ለተራ ጠላት አይባክንም።

ቀጥሎ የሚደረገው ሙከራ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ሆን ብለው አንድ ጊዜ ይመቱ። አንደኛ፣ ጀግናው ከተመታ በኋላ ብልጭ ድርግም እያለ ለጥቂት ቅጽበት የማይጎዳበት ጊዜ መኖሩንና ርዝመቱን ያውቃሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በጠላት መካከል ሮጦ ማለፍ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ከተመቱ በኋላ ወዲያው ጀግና ቀይረው ልጆች ላይፍ የሚሉትን የሕይወት መስመር ይዩ። መስመሩ ሞልቶ ከታየ እያንዳንዱ ጀግና የየራሱ ሕይወት አለው ማለት ነው፤ ጎድሎ ከታየ ደግሞ ሁሉም የሚካፈሉት አንድ መስመር ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ስልት ሁሉ በዚህች ሙከራ ውጤት ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህን ሁሉ በራስ ውስጥ ከመያዝ በደብተር ላይ መጻፍ ይበልጣል። የእህቴ ልጅ ከሒሳብ ደብተሩ ጀርባ አንድ ገጽ ለቅቆ ለእያንዳንዱ ታይታን አንድ መስመር ሰጠ፤ በአንዱ ላይ «ሩቅ ይመታል፣ ቅርብ ደካማ»፣ በሌላው ላይ «ዝግ ያለ፣ ግን አንዴ ከመታ ይጥላል» ብሎ ጻፈ። የገጸ ባሕርያቱን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግማሹን አስቀድሞ መገመት ይችላል፤ ሮቢን ልዩ ኃይል የሌለው፣ በዱላና በሚወረወሩ መሣሪያዎች የሚዋጋ ነው፣ ስታርፋየር የምትበርና ከእጇ አረንጓዴ ብርሃን የምትወረውር ናት፣ ሬቨን ዕቃን ሳትነካ በኃይሏ ታንቀሳቅሳለች፣ ቢስት ቦይ ወደ እንስሳት ይለወጣል፣ ሳይቦርግ ግማሽ አካሉ ማሽን ሆኖ በክንዱ ላይ የድምፅ መድፍ አለው። ይሁን እንጂ በታሪክ ኃያል የሆነ ጀግና በካሴቱ ላይ ዝግ ያለና የሚያስቸግር ሆኖ ሊሠራ ስለሚችል ግምቱን በእጅ ማረጋገጥ ግድ ነው።

መቼ ይቀየራል

ጥሩ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ተጫዋች ለመቀየር ሦስት ጎል እስኪገባበት አይጠብቅም፤ ሜዳውን አይቶ፣ የተቃራኒውን አሰላለፍ አይቶ፣ ገና ሳይደርስበት ይቀይራል። በዚህ ጌምም ቅያሪ የሚመጣው ከድብደባው በፊት ነው። ብዙ ተጫዋቾች ጀግናቸው ሊሞት ሲል ብቻ ሌላውን ይጠራሉ፤ ያኔ ተተኪው የሚገባው ጠላት ከግራና ከቀኝ በከበበበት መሀል ስለሚሆን እርሱም ወዲያው ይጎዳል፤ በአንድ ስህተት ሁለት ጀግና ይከስራሉ።

መሬቱ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ሰፊ ገደል፣ የሚንቀሳቀስ ወለል፣ ከላይ የሚወድቅ ነገር ያለበት ቦታ ሲመጣ የሚበርር ወይም ዝላዩ ረጅም የሆነ ጀግና ያስገቡ፤ ገደሉን እንዳለፉም ወዲያው ይቀይሩ፣ ምክንያቱም የገደሉ ማዶ አብዛኛውን ጊዜ ጠላት የሚጠብቅበት ቦታ ነው። ያልታወቀ መንገድ ሲጀመር ፊት መሄድ ያለበት ከስህተት ቶሎ የሚያገግመው ጀግና ነው፤ ኃይለኛው አይደለም። ኃይለኛውና ዝግ ያለው ጀግና የሚገባው መንገዱ ከታወቀ በኋላ ነው። መንገዱን የዘጋ ግድግዳ ወይም ከባድ ሣጥን ካጋጠመዎት ደግሞ ተመልሰው መንገድ ከመፈለግዎ በፊት እያንዳንዱን ጀግና አንድ ጊዜ ያስሞክሩት፤ የእህቴ ልጅ «አያልፍም» ያለው ቦታ እንዲህ ያለ ነበር፣ ሮቢን መቶ ጊዜ ቢመታው የማይነቃነቅ፣ ለሌላ ጓዱ የተተወ ሥራ።

ሁለተኛው ምልክት የጠላት አቀማመጥ ነው። ተኳሽ ከላይ ቆሞ፣ ደብዳቢ ከታች ሲመጣ በመጀመሪያ ተኳሹ በሩቅ በሚመታ ጀግና ይወገዳል፣ ከዚያ ለደብዳቢው ጠንካራው ይገባል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ከታች እየተደባደቡ ከላይ ይመታሉ። ጠላቶች ከሁለት ወገን ከመጡ በመካከል አይቁሙ፤ አንዱን ወገን ዘለው አልፈው ሁሉንም በአንድ ጎን ያሰልፏቸው። በአንድ ጎን የተሰለፉ አራት ጠላቶች ከግራና ከቀኝ ከሆኑ ሁለት ጠላቶች ይቀላሉ፤ ምታቸው የሚመጣው ከአንድ አቅጣጫ ስለሆነ ረጅም ክንድ ያለው አንድ ጀግና ሁሉንም ሊያግድ ይችላል።

እንደ ሬይን ኦፍ አፖካሊፕስ ባሉ ወደ ላይና ወደ ታችም መራመድ በሚቻልባቸው የድብድብ ጌሞች ላይ ሌላ ትምህርት አለ። በእነዚህ ጌሞች ምት የሚያርፈው ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ሲቆሙ ነው። ስለዚህ ወደ ጠላት ፊት ለፊት አይሄድም፤ ከእርሱ መስመር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ መጠጋት፣ አጠገቡ ሲደርሱ ወደ መስመሩ ገብቶ አስቀድሞ መምታት፣ ምቱ እንዳለቀም ወጣ ማለት ይገባል። ይህን የለመደ ሰው በየትኛውም የአራቱ ጀግኖች ሩቅ ይሄዳል፤ ያልለመደ ሰው ዎልቨሪንን ከነጥፍሩ ቢይዝም አይጠቅመውም። ከሩቅ የሚተኩሰው ሳይክሎፕስ ይህን ስልት ለመማር የማይመቸው ለዚህ ነው፤ ተጫዋቹ ሩቅ መቆምን ይለምድና መጠጋት ግድ ሲሆን ይደነግጣል። ለጀማሪ መጀመሪያ በቅርብ የሚዋጋውን እንዲይዝ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ምልክት የሕይወት መስመር ነው። እያንዳንዱ ጀግና የየራሱ ሕይወት ካለው ቀላል በሆኑ የመንገዱ ክፍሎች ላይ የተጎዳውን ጀግና ያሠሩት፤ ጤናማውን ለከባዱ ያቆዩት። ይህ ከብዙ ሰው ልማድ ጋር ይጋጫል፤ ሰው የተጎዳውን ደብቆ ጤናማውን ማሠራት ይወዳል፣ በመጨረሻም ቦሱ በር ላይ አምስት ግማሽ ግማሽ ጀግኖች ይዞ ይደርሳል። የሕይወት ማደሻ ምግብ ወይም ሣጥን መሬት ላይ ሲያዩ ደግሞ ያነሣው ጀግና ብቻ የሚታደስ ከሆነ በጣም የተጎዳውን ቀይረው ያስገቡና እርሱ ያንሣው። ሁሉም አንድ መስመር የሚካፈሉ ከሆነ ይህ ሒሳብ ሁሉ ይቀራል፤ ያኔ ጥያቄው በዚህ ቦታ በማን ላይ ጥቂት ምት ያርፋል የሚለው ብቻ ነው።

ዳማ የሚጫወት ሰው ይህን አሳብ በቀላሉ ይረዳዋል። ጠጠሮቹን ሁሉ በአንድ ወገን ገፍቶ የጨረሰ ሰው በሌላው ወገን መንገድ ሲከፈትለት የሚያንቀሳቅሰው ያጣል።

ቦሱ ፊት

በየደረጃው መጨረሻ የሚጠብቀው ትልቁ ጠላት፣ ቦስ የሚባለው፣ በእነዚህ ጌሞች ሁልጊዜ የሚያደርገው የተወሰነ ነገር አለው፤ ሦስት ወይም አራት ዓይነት ምት በተወሰነ ቅደም ተከተል ወይም በእርስዎ ርቀት መጠን እያፈራረቀ ይሰነዝራል። ስለሆነም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጥሙት አይምቱት። ፈጣን የሆነውን ጀግና ይዘው እየሸሹ ብቻ ይዩት፤ ከመምታቱ በፊት ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ያሳያል፣ የትኛው ምቱ ካለቀ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሞ ይቀራል፣ ሲጠጉት የሚያደርገው ሲርቁት ከሚያደርገው ይለያል ወይ። ይህ ሙከራ አንድ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል፤ በጭፍን ሲዋጉ የሚጠፉት ግን ከአንድ ይበልጣሉ።

ቀጥሎ ያንን ቆሞ የሚቀርበትን ጊዜ ይቁጠሩ። አጭር ከሆነ አንድ ሁለት ጊዜ ፈጥኖ መትቶ የሚሸሽ ጀግና ይበቃል፤ ረጅም ከሆነ ዝግ ያለው ነገር ግን ምቱ የከበደው ጀግና የሚገባበት ሰዓት ያ ነው። መቀየር በሚፈቅድ ጌም የሁለቱን ሥራ ማቀናጀት ይቻላል፤ ምቱን በፈጣኑ ጀግና ያመልጡና ቦሱ ሲቆም ወደ ከባዱ ይቀይራሉ፣ መትተው ደግሞ ወደ ፈጣኑ ይመለሳሉ። የእህቴ ልጅ ይህን በስታርፋየርና በሳይቦርግ ለመልመድ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶበታል። ከኃይል መስመር የሚከፈለውን ልዩ ምት በተመለከተ ቦሱ እየተንቀሳቀሰ ሳለ አይልቀቁት፤ ትልቁ ኃይል በባዶ አየር ላይ የሚያልቀው በዚህ ነው። ብዙ ቦሶች ሕይወታቸው ሲጎድል አዲስ ምት ስለሚጨምሩም ልዩ ምቱን ለዚያኛው ክፍል ማቆየት ይገባል፤ አዲሱን ምት ለመማር ጊዜ ሳያጠፉ ለመጨረስ ያስችላልና።

በአንድ ቦስ ላይ ደጋግመው ከተሸነፉ ስልቱን ከመቀየር በፊት ጀግናውን ይቀይሩ፤ በተለይም እስካሁን በጣም ጥቂት የተጠቀሙበትን ያስገቡ። ያቺን ጀግና ሠሪዎቹ ያለ ምክንያት አላስገቧትም፤ የት ላይ እንደምትጠቅም ያልታየው ስላልሞከሯት ሊሆን ይችላል።

ሁለት ሆኖ መጫወት

ሬይን ኦፍ አፖካሊፕስ ሁለት መሣሪያዎችን በገመድ አገናኝቶ ለሁለት ሰው መጫወትን ይፈቅዳል። ሁለቱም መሣሪያዎች የጌም ቦይ አድቫንስ ቤተሰብ መሆን አለባቸው፤ ዲኤስ ካሴቱን ቢያጫውትም የገመዱ ቀዳዳ ስለሌለው ለዚህ አያገለግልም፤ ሁለተኛ መሣሪያ ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ሳያውቅ ዲኤስ ቢገዛ ይቆጨዋል። ሁለት ሆነው ሲገቡ ሁለታችሁም በቅርብ የሚዋጋ ጀግና አትያዙ። አንዱ በቅርብ ሲይዝ ሌላው በሌላ መስመር ላይ ሆኖ ከሩቅ ያግዝ፤ ወደፊት የሚሄደውም ሁልጊዜ በቅርብ የሚዋጋው ይሁን። ከመጀመራችሁ በፊት የሕይወት ማደሻውን ማን እንደሚያነሣ ተስማሙ፤ ወንድምና እህት የሚጣሉበት ቦታ ይህ ነው፣ ደንቡም ቀላል ነው፤ የጎደለበት ያነሣል።

የእህቴ ልጅ አሁን ቲን ታይታንስን ከመጀመሪያው ደረጃ እንደገና ጀምሯል፤ በየደረጃው መግቢያ ላይ በደብተሩ ውስጥ በጣም ጥቂት ምልክት ያለበትን ጀግና ያስገባል፣ ከዚያ መሬቱ ሲጠይቅ ይቀይራል። በዚህ ሳምንት ተራው የሬቨን ነው።